ክሬት ለቤት ውሻ ምን ይጠቅማል?

ክሬት በሽቦ፣ በፕላስቲክ ወይም በጠንካራ ጨርቅ የሚሠራ፣ በር ያለው የውሻ ማረፊያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቡችላ ለማሳደግ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ከሚገዛቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ለብዙ ሐበሻ ግን መጀመሪያ ሲያዩት ደስ አይልም። አገር ቤት ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሳሎን መሃል የሽቦ ሳጥን አስቀምጦ እንስሳ መዝጋት ጭካኔ ቢመስል አይፈረድም። በአግባቡ ካልተያዘም በእርግጥ ጭካኔ ይሆናል። በአግባቡ ከተያዘ ግን ለውሻውም ለቤተሰቡም ትልቅ እፎይታ ነው።

ብዙ ሰው ክሬት የሚገዛው ቡችላው ቤት ውስጥ እንዳይሸና ለማስለመድ ነው። ውሻ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም። ክሬት ውስጥ ሳለ ሽንቱ ሲመጣ ለጊዜው ይይዘዋል ወይም ያላዝናል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ቶሎ ብሎ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ሲጨርስ ያሞግሰዋል፣ የሚወደውን ነገር ያቀምሰዋል። ይህ ሲደጋገም ቡችላው የት መሽናት እንዳለበት ይገባዋል።

እዚህ ላይ የክሬቱ ስፋት ወሳኝ ነው። ውሻው እንደ ልቡ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት መቻል አለበት። ለቡችላ ከዚያ በላይ ከሰፋ ግን አንዱ ጥግ ላይ ሸንቶ ሌላው ጥግ ላይ ይተኛል። ለዚህ ሲባል ብዙዎቹ የሽቦ ክሬቶች መከፋፈያ አላቸው፤ ቡችላው ባደገ ቁጥር መከፋፈያውን ወደ ኋላ መግፋት ነው። በቆሻሻ ጎጆ ታጉሮ ያደገ ቡችላ ግን ይህን የንጽሕና ጠባይ አጥቶት ሊመጣ ይችላል። እሱን ማስለመድ ረዘም ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥቅም ደህንነት ነው። ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ካልሲ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አይመርጥም። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል ሁሉም ለውሻ መርዝ ናቸው። የእኛ ወጥ ቤት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ቡና በሚፈላበት ቤትም ከሰሉና ጀበናው ወለል ላይ ናቸው፣ ልክ ጭራ በሚደርስበት ከፍታ። በዓል ሲሆን፣ ውሻ የሚፈራ እንግዳም ሲመጣ፣ ውሻው ለሁለት ሰዓት ያህል በክሬቱ ውስጥ አጥንት መሰል ማኘኪያውን ይዞ ቢያርፍ ሁሉም ሰላም ያገኛል።

በሕመም ጊዜም ያገለግላል። አጥንቱ የተሰበረ ወይም የጉልበት ጅማቱ የተሰፋ ውሻ ዝላይ ይከለከላል። በትንኝ የሚተላለፈውን የልብ ትል የሚታከም ውሻም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ትሎቹን ሲገድል ስብርባሪያቸው ወደ ሳንባ ደም ሥር ስለሚሄድ መሮጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለሳምንታት ረግቶ እንዲቆይ የእንስሳት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ክሬት ያዛሉ። ቀድሞ የለመደው ውሻ ይህን ጊዜ በቀላሉ ያልፈዋል።

ክሬት የሚሸጡ ሰዎች ውሻ በተፈጥሮው ጉድጓድ ውስጥ መኖር ይወዳል ይላሉ። ይህ በልክ መወሰድ አለበት። ተኩላ ጉድጓድ የሚገባው በዋናነት ግልገል ለመውለድና ለማሳደግ ነው፤ ግልገሎቹም ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ትተውት ይወጣሉ፤ በርም የለውም። ውሻ ክሬቱን የሚወደው ስለለመደው ነው። ስለዚህ ማላመዱ ላይ መቸኮል አይገባም። መጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡ እዚያ ውስጥ ይቀመጥለታል። በፈቃዱ መግባት ሲጀምር በሩ ለደቂቃዎች ይዘጋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጊዜው ይረዝማል። ባጠፋ ቁጥር እየተጎተተ የሚገባበት ከሆነ ግን ይጠላዋል። አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ከሽቦው ጋር ተያይዞ ሊያንቀው ስለሚችል ሲገባ መውለቅ አለበት። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለሆነ ፀሐይ የሚመታበት መስኮት ወይም ማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። አሰልጣኞች የሚይዙት ግምት ለአንድ ወር ዕድሜ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የ3 ወር ቡችላ 3 ሰዓት ገደማ ይታገሣል። ስድስት ወር ያልሞላው ቀን ላይ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ መዘጋት የለበትም። ሌሊት ተኝቶ ሲሆን ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ውሻውን ቀኑን ሙሉ ክሬት ውስጥ ትቶ መሄዱ ልክ አይደለም። መሃል ላይ የሚያወጣው ጎረቤት ወይም ተከፋይ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ካልተቻለ ውሻ መግዛቱን ማቆየት ይሻላል። ስዊድንና ፊንላንድ ውሻን ቤት ውስጥ በክሬት ዘግቶ ማኖርን በሕግ ከልክለዋል፤ ለጉዞና ለመሳሰለው ጊዜያዊ ምክንያት ብቻ ይፈቅዳሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ መከልከሉን ባልደግፍም ሥጋታቸው ይገባኛል።

ብቻውን ሲቀር በጭንቀት የሚታመም ውሻም አለ። እንዲህ ያለው ሲዘጋበት ሽቦውን እየነከሰ ጥርሱን ይሰብራል፣ ጥፍሩን ይነቅላል። ለእሱ ክሬት መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪም ጋ መውሰድ ነው።

ጉዞና አደጋ ሲመጣ የክሬት ልምድ ይበልጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ከተማ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ እንስሶቻችንን ትተን አንወጣም ያሉ ሰዎች ነበሩ። በዓመቱ የአሜሪካ ኮንግረስ የማዳን ዕቅዶች የቤት እንስሳትንም እንዲያካትቱ ሕግ አወጣ። እንስሳ የሚቀበሉ መጠለያዎች ብዙ ጊዜ በክሬት እንዲመጣ ይጠይቃሉ። በመኪናም ቢሆን በደንብ በታሰረ ክሬት ውስጥ ያለ ውሻ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ አይወረወርም።

በአውሮፕላን ደግሞ በዕቃ ክፍል የሚጓዝ ውሻ ያለ ክሬት አይጫንም። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ ውሻው ውስጡ መቆም፣ መዞርና መተኛት እንዲችል ያስገድዳል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ከኦገስት 2024 ጀምሮ የወጣውን ደንብም ማሟላት አለበት፦ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ መለያ ማይክሮቺፕ የተቀበረለት መሆን ይኖርበታል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተርታ ስለተመደበች የክትባት ማስረጃው ጠበቅ ይላል። ውሻውን በማስተኛ መድኃኒት አደንዝዞ መጫን ለአተነፋፈሱ አደገኛ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪሞች አይመክሩም። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ ከሳምንታት በፊት ክሬቱን ገዝቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ምግቡን እዚያው ውስጥ ማቅረብ መጀመር ያስፈልጋል።