«ካንትሪ አይደለም» ከማለት በፊት፦ ስለ 2025 የግራሚ እጩ አልበሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በተካሄደው 67ኛው የግራሚ ሽልማት ለምርጥ የካንትሪ (ከአሜሪካ ደቡብ ገጠሮች የተነሣ የሙዚቃ ስልት) አልበም የታጩት የቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር»፣ የፖስት ማሎን «ኤፍ-1 ትሪሊየን»፣ የኬሲ መስግሬቭስ «ዲፐር ዌል»፣ የክሪስ ስቴፕልተን «ሃየር» እና የሌይኒ ዊልሰን «ዊርልዊንድ» ነበሩ። ሽልማቱን የወሰደችው ቢዮንሴ ናት፤ አልበሟ በዚያው ምሽት ከሁሉም ስልቶች የዓመቱ ምርጥ አልበምም ተብሏል። ጊታር አስተማሪ ነኝ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለነዚህ አልበሞች የሚነገረኝ አብዛኛው አስተያየት ሥራዎቹን አድምጦ ሳይሆን የዘፋኞቹን ስም አይቶ የተሰጠ ፍርድ ስለሆነብኝ፣ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች ላርም ተነሥቻለሁ።

«ብዙ የተሸጠው ያሸንፋል።» የግራሚ ድምፅ ሰጪዎች ራሳቸው ሙዚቀኞች፣ የዜማና የግጥም ደራሲዎች፣ ፕሮዲውሰሮችና የድምፅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሽያጭም ሆነ የሰንጠረዥ ደረጃ መመዘኛቸው አይደለም።

«የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማትና ግራሚ አንድ ናቸው።» አይደሉም። የማኅበሩ ሽልማት በ2024 ለ«ካውቦይ ካርተር» አንድም እጩነት አልሰጠም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግራሚ ሸለመው።

«የዓመቱ ምርጥ አልበም የተባለ የመጀመሪያው የካንትሪ ሥራ የቢዮንሴ ነው።» ግሌን ካምቤል በ1969፣ ዲክሲ ቺክስ በ2007፣ ቴይለር ስዊፍት በ2010፣ ኬሲ መስግሬቭስ በ2019 ቀድመዋታል። የቢዮንሴ ቀዳሚነት ሌላ ነው፤ የምርጥ የካንትሪ አልበም ሽልማትን የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ድምፃዊት ናት።

«ካንትሪ የነጮች ሙዚቃ ነው፤ እሷ ያለ ቦታዋ ገባች።» ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህኛው ነው፤ የሚናገሩትም ብዙ ጊዜ ከአባቶቻቸው ካሴት ኬኒ ሮጀርስን እየሰሙ ያደጉ፣ ሙዚቃውን ከልብ የሚወዱ የእኛው ሰዎች ናቸው። የካንትሪ መለያ ተደርጎ የሚቆጠረው ባንጆ፣ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ አፍሪካውያን ከምዕራብ አፍሪካ ይዘውት ከሄዱት ዕውቀት የተወለደ፣ እንደ መሰንቋችን ገጹ በቆዳ ይለበድ የነበረ መሣሪያ ነው። የናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ ዝግጅት በ1920ዎቹ ሲጀምር ከቀደምት ኮከቦቹ አንዱ ጥቁሩ የሃርሞኒካ ተጫዋች ዲፎርድ ቤይሊ ነበር። ጥቁሯ ድምፃዊት ሊንዳ ማርቴል በ1969 በዚያው መድረክ ዘፍናለች፤ ጥቁሩ ዘፋኝ ቻርሊ ፕራይድ በ1971 በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ ተብሏል። ቢዮንሴም ይህን ታሪክ አልዘለለችውም፤ የማርቴልን ድምፅ በአልበሟ አስገብታለች፣ በ«ቴክሳስ ሆልድ ኤም» ውስጥ ባንጆ የምትጫወተውም የባንጆን ጥቁር ታሪክ በማስተማር የምትታወቀው ሪያነን ጊደንስ ናት። ኬኒ ሮጀርስን ለሚጠቅሱልኝም አንድ ነገር ልጨምር፤ እጅግ የምንወደውን «ሌዲ»ን የደረሰው ጥቁሩ የሶል ዘፋኝ ሊዮኔል ሪቺ ነው።

ቢዮንሴ ራሷ «ይህ የካንትሪ አልበም ሳይሆን የቢዮንሴ አልበም ነው» ማለቷን የሚጠቅሱ አሉ፤ እውነት ነው፣ ብላለች። ከ27ቱ ክፍሎች ውስጥ ከካንትሪ የራቁ እንዳሉም አልክድም። ነገር ግን ይህንን መለኪያ ከወሰድን ለአምስቱም እኩል እንጠቀምበት። ክርክሩን አጥብቆ ለያዘ አንድ ተማሪዬ ስም ሳልጠራ ከሌሎቹ እጩዎች ጥቂት ዘፈኖችን አሰማሁትና ስልታቸውን በወረቀት እንዲጽፍ ጠየቅሁት። ለስቴፕልተን «ሶል»፣ ለመስግሬቭስ «ፎክ» ብሎ ጻፈ፤ ጆሮው አልተሳሳተም። የኬንታኪው ስቴፕልተን የድምፁን ስብራት የተማረው ከሶልና ከብሉዝ ነው፤ «ዲፐር ዌል»ም ጂሚ ሄንድሪክስ በኒውዮርክ ባሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ የተቀዳ፣ በለስላሳ አኩስቲክ ጊታር ላይ የቆመ ሥራ ነው። ሁለቱንም ግን «ያለ ቦታችሁ ገባችሁ» ያላቸው ሰው አላጋጠመኝም።

«ፖስት ማሎን ከራፕ የመጣ እንግዳ ስለሆነ አይቆጠርም።» ከአልበሙ 18 ዘፈኖች 15ቱን የሠራው ከተጋባዥ ዘፋኞች ጋር ነው፤ ከነሱም መካከል ተፎካካሪዎቹ ስቴፕልተንና ዊልሰን ይገኛሉ። አንጋፋዋ የካንትሪ ዘፋኝ ዶሊ ፓርተን ደግሞ በእሱም በቢዮንሴም አልበም ውስጥ አለች፤ እሱ ራሱም በ«ካውቦይ ካርተር» ዘፍኗል። ቤተኞቹ ያልከለከሉትን በር እኛ ከሩቅ ሆነን ልንዘጋው አንችልም። በአልበሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ተጋባዡ ስለበዛ የባለቤቱ ድምፅ የሚጎላበት ቦታ አንሷል።

አልበሞችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው የተበተኑ ዘፈኖችን መምረጡን ትቶ እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በተቀመጠበት ቅደም ተከተል ይስማ። መጀመሪያ ግጥሙን ይከተል፤ ካንትሪ ታሪክ ነጋሪ ሙዚቃ ስለሆነ፣ ማን ለማን፣ የት ሆኖ እንደሚናገር መለየት አለበት። ሁለተኛውን ዙር ለመሣሪያዎቹ ይስጥ፤ ፔዳል ስቲል ጊታሩ (ተጋድሞ የሚመታ፣ ድምፁ በእግር ፔዳል የሚለዋወጥ ጊታር)፣ ቫዮሊኑና ባንጆው ዜማውን ይሸከማሉ ወይስ ለጌጥ ገብተዋል? በዚህ መንገድ ስሰማቸው ከአምስቱ ይበልጥ ወጥነት ያለው «ዊርልዊንድ» ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የሉዊዚያናዋ ዊልሰን የደቡብ ሮክን ጊታር ይዛ ከተነሣችበት ታሪክ አትወጣም። በስፋትና በድፍረት ግን «ካውቦይ ካርተር» ይበልጣል፤ የመምረጥ ድምፅ ቢኖረኝ እኔም ለእሱ እሰጥ ነበር። ከ2026ቱ ሽልማት ጀምሮ ዘርፉ ነባሩን ስልት የተከተለ እና ዘመናዊ ተብሎ ለሁለት ስለተከፈለ፣ ወደፊት የሚያወዳድሩ ሰዎች አስቀድመው አልበሙ በየትኛው እንደታጨ ይመልከቱ።