«ማሽኑ ራሱ ነው የሚጫወተው» ለምትሉኝ

ኪቦርድ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የህዋ ጉዞንና ሳይንሳዊ ልብወለድን እያሰቡ የሚሠሩትን የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ሙዚቃ፣ ያንን ከበሮ የሌለውን፣ ዝግ ብሎ የሚንሳፈፈውን አምቢየንት የሚባለውን፣ ለተማሪ ባስደመጥኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄማ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ቡና መጠጣት ነው!» ወደዚህኛው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ላራግፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

«ህዋ ላይ የተቀዳ ድምፅ አለበት።» የለበትም። ናሳ በ2022 ያሰራጨው የፐርሲየስ ጥቁር ጉድጓድ «ድምፅ» እንኳ በጋላክሲዎች መካከል ባለ ጋዝ ውስጥ የሚያልፍ ሞገድ ነው፤ ለሰው ጆሮ እንዲደርስ 57 እና 58 ኦክታቭ ከፍ ተደርጓል።

«የድሮ የህዋ ፊልም ድምፅ ሁሉ ሲንተሳይዘር ነው።» ሲንተሳይዘር ሠሪው ሮበርት ሙግ የመጀመሪያ ሞዴሉን ይዞ ብቅ ያለው በ1964 ነው። ባልና ሚስቱ ሉዊስና ቢቢ ባሮን ግን በ1956 ለወጣው «ፎርቢድን ፕላኔት» ለተባለው የህዋ ፊልም ድምፁን ሠርተውለታል። ራሳቸው የበየዱት ሰርኪት ኤሌክትሪክ ሲበዛበት ይጮሃል፣ ያቃስታል፣ ይቃጠላል፤ እነሱ ደግሞ ያንን በቴፕ ይቀዳሉ። ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር ጣጣ እንዳይመጣ ተብሎ ፊልሙ ላይ «ሙዚቃ» የሚል ቃል እንኳ አልተጻፈላቸውም።

«የህዋ ሙዚቃ ቀዝቃዛ ነው።» እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ በ1983 ስለ አፖሎ ጉዞ በሠራው አልበም ላይ ዳንኤል ላንዋ ፔዳል ስቲል ጊታር፣ የካውቦዮቹን ጊታር፣ ይጫወታል። አንዳንዶቹ ጠፈርተኞች የካንትሪ ሙዚቃ ካሴት ይዘው ነበር የሄዱት።

አሁን ወደ ቡናው።

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ጥፋተኛው የሠርግ ኪቦርድ ነው። ምቱን ራሱ ያወጣል፣ ቤዙን ራሱ ይጨምራል፣ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሆኖ ያመሻል። ከዚያ ሰው ሲንተሳይዘር ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። የሰባዎቹ መጀመሪያ የሙግ ሲንተሳይዘር ግን ያገኛችሁትን ድምፅ የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ የሚባል ነገር አልነበረውም። ታንጀሪን ድሪም የተባሉት በርሊኖች በ1973 መጨረሻ እንግሊዝ አገር ገብተው «ፌድራ» የተባለውን አልበም ሲቀዱ፣ ማሽኑን ለመቃኘት ብቻ በየቀኑ ሰዓታት ይፈጅባቸው ነበር። ኦሲሌተሩ፣ ድምፁን የሚያመነጨው ሰርኪት፣ ሲሞቅ ቅኝቱ ይንሸራተታል። አልበሙን ስትሰሙ ቤዙ ቀስ እያለ ከቦታው ሲለቅ ትሰማላችሁ፤ ብዙ ሰው መንኮራኩር ላይ የወጣ ያህል የሚሰማው እዚያ ጋ ነው፣ ነገሩ ግን ሙቀት ነው። ማሽኑ ራሱ ተጫወተ ከተባለ ይኼን ያህል ነው፤ እሱንም እየሳተ።

እኔ ያገለገለ አናሎግ ሲንተሳይዘር አለኝ። ለግማሽ ሰዓት ካልሞቀ አይቃኝም። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ለፍቼ ያሰብኩትን ድምፅ ላገኝ ስል መብራት ሄደ። ሲመለስ እንደገና ማሞቅ፣ እንደገና መቃኘት። ጎረቤቴ እማማ በማግስቱ «ልጄ፣ ያ ጄኔሬተርህ ምነው ሌሊቱን ሙሉ ያቃስታል?» አሉኝ። ጄኔሬተር የለኝም።

የፊልም ሙዚቃ ሠሪውን ቫንጀሊስንም አስቡት። የ1982ቱን የ«ብሌድ ራነር» ፊልም ሙዚቃ የሠራበት ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ሲኤስ 80፣ ወደ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ሸክሙን ተዉት፣ ዋናው ነገር እያንዳንዱ ቁልፍ የጣትን ግፊት ለብቻው ማወቁ ነው። አንዷን ጣት ጠበቅ ስታደርግ የእሷ ድምፅ ብቻ ያብጣል፣ ስታላላት ይሟሽሻል። ማሲንቆ ገዝጋዥ በቀኝ እጁ የሚያደርገው ማለት ነው። ሰውየው ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ምስሉን እያየ ነው የሚጫወተው። እስቲ የትኛውን ቁልፍ ተጭኖ ቡና ሊጠጣ?

ባለፈው ክረምት ይህንኑ የሚለኝን ተማሪ «በል ተጫን» ብዬ ተነሳሁለት። ተጫነ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ «ጋሼ፣ ፕሪሴቱ የትኛው ነው?» አለኝ፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ድምፅ ማለቱ ነው። ፕሪሴት የለም፣ ልጄ።

መሞከር ለሚፈልግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር ነፃ ነው፣ ቪሲቪ ራክም ነፃ ቅጂ አለው። አታክ የሚባለውን፣ ድምፁ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ወደ አራት ሰከንድ ዘርጉት፣ ድምፁ እንደ ንጋት ቀስ ብሎ ይምጣ። ሁለተኛውን ኦሲሌተር ከመጀመሪያው በአምስት ስድስት ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) አዛንፉት፤ ያ የሚወዛወዘው ስፋት የሚመጣው ከዚያ ነው። ግራ እጃችሁ ሁለት ኖታ ይዞ ይቆይ፣ ቀኛችሁ ፊልተሩን፣ የድምፁን ብሩህነት የሚቆርጠውን፣ ይክፈት ይዝጋ። ሪቨርቡን፣ የአዳራሽ ማስተጋባት የሚሰጠውን፣ መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ ጥሬ ወጥ በበርበሬ አይበስልም። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅዱ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይሰለቻሉ፤ መብራት ካልሄደ በቀር አትቁሙ።