ጥላው የቆመ ይመስላል

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም እህቶቼ።

ነገ ረፋድ ላይ ደጅ ውጡና የአጥሩን ጥላ እዩት። ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ግን ቦታውን ለቋል። እ.ኤ.አ. በ1111 ወደ አኺራ የሄዱት ኢማም አል-ገዛሊ «ታዲያ ዓይኔን እንዴት ልመነው?» ያሉት ይህን አይተው ነው። ኮከብም እንደዚሁ፣ ለዓይን የዲናር ሳንቲም ታህላለች፤ ሲሰላ ግን ከምድር ትበልጣለች። ቀጥሎ ጥርጣሬው ወደ አእምሮ ዞረ። የዓይንን ስህተት ያጋለጠው አእምሮ ከሆነ፣ የአእምሮን ስህተት የሚያጋልጥ ሌላ ነገር ቢኖርስ? ህልም ውስጥ ሆነን ስንቱን እናምናለን! ሁለት ወር ያህል በዚህ ታመሙ።

ከ500 ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ ያንኑ መንገድ ሄደ፤ ያው ህልም፣ ያው የስሜት ማታለል። (ቀድቶ ነው ወይ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።) የተለያዩት መውጫው ላይ ነው። ዴካርት መጀመሪያ የጨበጠው ራሱን ነው፦ የምጠራጠረው እኔ መቼም አለሁ። የፈጣሪን መኖር ያስረዳው ከዚያ ተነስቶ ነው። ከእሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ግን «እኔ»ን ይዘው ፈጣሪን ተዉት። ገዛሊ ደግሞ ያዳነኝ ማስረጃ መደርደሬ ሳይሆን አላህ ደረቴ ውስጥ የጣለው ብርሃን ነው አሉ።

ይሄን ሰምቶ «እንግዲያው ሳይንስ ምን ያደርግልናል» የሚል አይጠፋም። ገዛሊ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የገሰጹት። የግርዶሽን ስሌት እየካደ ዲንን የሚከላከል የሚመስለው ሰው፣ ዲኑን የሚጎዳው ራሱ ነው። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም የሞተ ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዉ «ለእሱ ሞት ነው» አለ። እሳቸው ግን፣ ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ፣ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት አይጋረዱም፣ ስታዩ ስገዱ አሉ። ሱረቱል ኢስራእም (17፡36) የማታውቀውን አትከተል ይላል፤ ጆሮም ዓይንም ልብም ይጠየቁበታል።

የሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋቱ የፀሐይ ግርዶሽ ትዝ ይላችኋል? ባለሙያዎቹ ሰዓቱን አስቀድመው ነግረውናል፤ እንዳሉትም ሆነ። ግቢያችን ካለው ዛፍ ሥር፣ በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ የወረደው ብርሃን መሬቱን በትንንሽ ማጭድ ሞላው። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የብርሃን ሊቁ ኢብኑል ሀይሰም በጠባብ ቀዳዳ ያለፈ የግርዶሽ ብርሃን ለምን እንዲህ ማጭድ እንደሚሠራ መርምሮ ጽፏል። ልጄ በስልኳ ታነሳው ነበር። እኔ ዉዱእ ላደርግ ገባሁ፤ ስጨርስ እሷም ስልኳን አስቀምጣ መስገጃውን ዘርግታ ጠበቀችኝ።