ለችግር የተጋለጡ ሕጻናት መጠጊያዎች በአዲስ አበባ

በመሀል አዲስ አበባ አሳዳጊ ያጣ ልጅ የት እንደሚውል የከተማው ሰው ያውቃል፤ ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ለገሃር፣ ስታዲየም ዙሪያ። የሊስትሮ ሣጥኑን አንግቶ ወይም ማስቲካና ሶፍት በካርቶን ይዞ ከመኪና መኪና ይሮጣል። በገጠር ወላጅ የሞተበትን ልጅ አያት፣ አክስት ወይም የክርስትና አባት ይረከበዋል፤ ከኦሮሞ የወረስነው ጉዲፈቻም አለ። ከተማ ላይ ግን ዘመድ ሩቅ ነው፤ ቅርብ ያለውም ቢሆን የኪራይ ቤቱ ለራሱ ልጆች እንኳን አልበቃውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት መንግሥት እንደ ቀጨኔና ኮልፌ ያሉ ማሳደጊያዎችን አቋቋመ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ተከተሉ።

እ.ኤ.አ. በ1971 በአቶ ሚናስ ኅሩይ የተመሠረተው ሆፕ ኢንተርፕራይዝ በቸርችል ጎዳና ሲሸጠው በነበረው የምግብ ኩፖን ይታወቃል። መንገደኛው ኩፖኑን በጥራዝ ይገዛና ለሚለምነው ልጅ አንዷን ቀዶ ይሰጠው ነበር፤ ልጁም ወረቀቷን አስረክቦ ትኩስ ምግብ ይበላ ነበር። የዚህች ትንሽ ወረቀት ብልሃት ያስደንቀኛል። ብር ቢሆን ኖሮ ጉልበት ያለው ነጥቆት ይሄዳል፤ ኩፖን ግን ከምግብ ሌላ ምንም አይገዛም። የማዘር ቴሬዛ እህቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ የስድስት ኪሎው ቤታቸው እስከ ዛሬ ሕመምተኛውንም ሕጻኑንም ይቀበላል።

ከሁሉም የአበበች ጎበናን ታሪክ ያህል ልብ የሚነካ የለም። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ሞቱ፤ ገና በልጅነታቸው ያለፈቃዳቸው ሲዳሩ ኮብልለው አዲስ አበባ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሲሄዱ ረሃቡ ሰውን በየመንገዱ ይጥል ነበር። ከእነዚያ መሀል አንዲት እናት ሞታ፣ ሕጻኗ ከአጠገቧ ሳትለይ አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር ሃያ አንድ ደረሰ። በኋላ ያገቧቸው ባለቤታቸው «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ፤ ቤት ንብረታቸውን ትተው ወጡና በአንዲት ጎጆ ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ፣ እየሸጡ አሳደጓቸው። ልጆቹ «እማዬ» ይሏቸዋል።

የአበበች ጎበና የሕጻናት ክብካቤና ልማት ማኅበር በሕግ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ጉለሌ ውስጥ ከማሳደጊያው ጋር ትምህርት ቤትና የሙያ ሥልጠና ተከፈተ። መሥራቿ በኮቪድ ታመው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ማኅበሩ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

የእነዚህ ድርጅቶች ዕድል ከልብ ቸርነት ባሻገር በሕግም ተወስኗል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሕጻናት መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ልጅን መመገብ ተፈቅዶ ስለ መብቱ መናገር መከልከሉ፣ በእኔ እምነት፣ ከባድ ስህተት ነበር። ገደቡ የተነሣው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቀረ።

የገንዘብ ገደቡ በተደነገገበት በ2001 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። ቅድሚያ የሚሰጠው ልጁን ከቤተሰቡ ሳይለዩ መርዳት ነው፤ ለእናት መነሻ ገንዘብ፣ ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ካስፈለገም የቤት ኪራይ። ይህ እርዳታ ካርቶን ይዞ ከመሮጥ ያዳነው ልጅ በጎዳና ላይ ስለማይታይ፣ ሰው የረጂዎቹን ድካም ልብ አይለውም።