«ኢፍ» የሌለበት «ከሆነ»፦ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስለሚዘለሉ ቃላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የራስ ምታት ክኒን ካርቶን ላይ «ኢፍ ፕሬግናንት ኦር ብረስት ፊዲንግ፣ አስክ ኤ ሄልዝ ፕሮፌሽናል ቢፎር ዩዝ» የሚል መስመር አለ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ከመውሰድዎ በፊት የጤና ባለሙያ ይጠይቁ ማለት ነው። ከ«ኢፍ» («ከሆነ») ቀጥሎ መምጣት የነበረባቸው «ዩ አር» («እርስዎ ነዎት») ተዘለዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ ዓይነት መዝለል ይወዳል፤ ግን የሚዘልበት ሕግ አለው። ብዙ የንባብ ስህተት የሚመጣው ሕጉን ካለማወቅ ነው።

አመለካከት፦ «ኢፍ» ከሌለ ሁኔታ የለም

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው፤ ሁኔታ የምለው «ቢሆን» ወይም «ከሆነ» የሚለውን ሐሳብ ነው። «ሃድ አይ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ከም» የሚለውን ብዙ ተማሪ ጥያቄ አድርጎ ያነበዋል። ትርጉሙ ግን «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ነው። «ኢፍ» ወጥቶ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ፊት ስለዞረ፣ የሁኔታውን ሥራ የሚሠራው የቃላቱ ቦታ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ እኛም «ባውቅ»፣ «ቢመጣ» ስንል ሁኔታውን በግሱ ላይ እንለጥፈዋለን እንጂ ራሱን የቻለ ቃል አንፈልግለትም።

በዛሬው እንግሊዝኛ እንዲህ የሚዞሩት በተግባር ሦስት ናቸው፦ «ሃድ»፣ «ወር» እና «ሹድ»። «ወር ኢት ኖት ፎር ዘ ሬይን፣ ዊ ዉድ ጎ» ዝናቡ ባይሆን እንሄድ ነበር ነው። በ«ዱ» ወይም በ«ዲድ» ማዞር አይቻልም። አፍራሽ ሲሆን ደግሞ «ኖት» ከባለቤቱ በኋላ ሙሉውን ይጻፋል፦ «ሃድ አይ ኖት ኖውን» ይባላል እንጂ «ሃድንት አይ ኖውን» አይባልም። ከጥያቄ ለመለየት መጨረሻውን ማየት ይበቃል፤ የጥያቄ ምልክት ከሌለና ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ሌላ ዓረፍተ ነገር ከቀጠለ ሁኔታ ነው።

አመለካከት፦ «ሹድ» ሁልጊዜ «ይገባል» ነው

«ሹድ ዩ ኒድ ሄልፕ፣ ፕሊዝ ኮል አስ»። የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ደብዳቤዎች በዚህ ያልቃሉ። «እርዳታ ሊያስፈልግዎት ይገባል» አይደለም፤ «ምናልባት እርዳታ ቢያስፈልግዎት ይደውሉልን» ነው። «ሹድ» እዚህ የሚጨምረው «ምናልባት»ን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግስም እንዳለ ይቀራል፦ «ሹድ ሺ ኒድ» እንጂ «ኒድስ» አይባልም።

አመለካከት፦ የታወቀ ነገር ሁሉ ሊዘለል ይችላል

በአማርኛ «መጣ» ብቻውን ሙሉ ነው፤ ማን እንደመጣ ግሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛ ግስ ይህን ስለማይሸከም ባለቤቱን ብቻውን መጣል አይቻልም። ከ«ኢፍ»፣ ከ«ዌን» እና ከ«ወንስ» በኋላ የሚዘለሉት ባለቤቱና የ«ቢ» ግስ («ኢዝ»፣ «አር» እና የመሳሰሉት) አብረው ነው። ስለዚህ «ኢፍ ኢት ኢዝ ኔሰሰሪ» ትክክል ነው፣ «ኢፍ ኔሰሰሪ»ም ትክክል ነው፤ «ኢፍ ኢዝ ኔሰሰሪ» ግን ስህተት ነው፤ ሁለቱም ይኖራሉ ወይም ሁለቱም ይወጣሉ። ግሱ «ቢ» ካልሆነ ደግሞ ምንም አይወጣም፦ «ኢፍ ዩ ሃቭ ታይም» ይባላል እንጂ «ኢፍ ሃቭ ታይም» አይባልም።

የተዘለለው ባለቤት ማን ነው? ብዙውን ጊዜ የዋናው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው። «ወንስ ኦፕንድ፣ ዘ ሚልክ ማስት ቢ ኬፕት ኮልድ» ሲል የተከፈተውም በቅዝቃዜ የሚቆየውም ወተቱ ነው። የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ግን ከዚህ ይወጣሉ። በረኪናና የምድጃ ማጽጃ በየቀኑ ለሚነካ ሰው፣ በተለይ በዐረብ አገር ቤት ውስጥ ለሚሠሩ እህቶቻችን፣ ይህን መስመር በትክክል ማንበብ የዓይን ጉዳይ ነው፦ «ኢፍ ኢን አይዝ፦ ሪንስ ኮሽስሊ ዊዝ ዋተር ፎር ሰቨራል ሚኒትስ። ሪሙቭ ኮንታክት ሌንስስ፣ ኢፍ ፕረዘንት ኤንድ ኢዚ ቱ ዱ። ኮንቲኒው ሪንሲንግ።»

ሲፈታ እንዲህ ነው። ዓይን ውስጥ የሚገባው ኬሚካሉ ነው። የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት፤ በውኃ፣ በጥንቃቄ፣ ለብዙ ደቂቃዎች። «ኢፍ ፕረዘንት» የሚለው ስለ ሌንሱ እንጂ ስለ ኬሚካሉ አይደለም፦ ሌንስ አድርገው ከሆነ። «ኢዚ» ደግሞ ስለ ማውጣቱ ነው፦ ማውጣቱ ቀላል ከሆነ። ሌንሱ እምቢ ካለ ከእሱ ጋር መታገል አይገባም። የመጨረሻው መስመር ምንም ሁኔታ የለበትም፤ ሌንስ ኖረም አልኖረም፣ ወጣም አልወጣም ማጠቡ ይቀጥላል። «ኢፍ ስዋሎድ» የሚለውም «ምርቱ ከተዋጠ» ነው።

አመለካከት፦ «ኢፍ ኖት» ማለት «ካልሆነ» ነው

ለብቻው ሲቆም አዎ። «ሃንድረድስ፣ ኢፍ ኖት ታውዘንድስ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ «በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች» ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እንኳ አንዳንዴ «በሺዎች ግን አይሆንም» ብለው ስለሚረዱት ውል ወይም ሪፖርት ላይ ባይጻፍ ይሻላል። «ፊው፣ ኢፍ ኤኒ» ደግሞ «ቢኖርም ጥቂት» ነው።

አመለካከት፦ «ኤንድ» ማያያዣ ብቻ ነው

«ተች ኢት ኤንድ ዩል ጌት በርንድ» ንካው የሚል ትእዛዝ አይደለም፤ ብትነካው ትቃጠላለህ ነው። እኛም «ሞክርና ታያለህ» እንላለን። በ«ኦር» ሲሆን ይገለበጣል፦ «ሀሪ ኦር ዩል ሚስ ዘ ባስ»፣ ፍጠን፣ አለዚያ አውቶቡሱ ያመልጥሃል።

አመለካከት፦ «ዉድ ሃቭ» የተፈጸመ ነገር ይናገራል

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። «ኤ ጉድ ሜካኒክ ዉድ ሃቭ ፋውንድ ኢት» የሚለው ብልሽቱ እንዳልተገኘ ይነግረናል፤ ጎበዝ መካኒክ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ነበር። ሁኔታው የተደበቀው ባለቤቱ ውስጥ ነው። «አይ ዉድ ሃቭ ፔይድ» ያለ ሰውም ገንዘቡን አልከፈለም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው አጭሩ «አይድ» ነው፣ «አይ ዉድ»ም «አይ ሃድ»ም ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ እንዳለ የቀረ ግስ ካለ «ዉድ» ነው፦ «አይድ ጎ»። ሦስተኛው የግስ ቅርጽ ካለ «ሃድ» ነው፦ «አይድ ጎን»። «አይድ ቤተር» «ሃድ» ነው፣ «አይድ ራዘር» «ዉድ»። «ከም»፣ «ራን»፣ «ካት» እና «ፑት» የሚሉት ግሶች ግን የመጀመሪያና የሦስተኛ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ቅርጹ አይረዳም፤ እዚያ የሚለየው በአጠገቡ ያለው የጊዜ ቃል ነው። «ቱሞሮው» ካለ «ዉድ»፣ «ኦልሬዲ» ካለ «ሃድ» ነው።