ዲፌንሲቭ ድራይቪንግ በቴክሳስ፦ ከትራፊክ ቲኬት በኋላ በኦንላይን የሚወሰደው ትምህርት

ዲፌንሲቭ ድራይቪንግ አሜሪካ ውስጥ ቀላል የትራፊክ ጥፋት ተገኝቶበት ቲኬት (የክስ ወረቀት) የተሰጠው ሾፌር ክሱን ለማሰረዝ፣ መዝገቡ ላይ የተያዘ የጥፋት ነጥብ ለማስቀነስ ወይም የኢንሹራንስ ክፍያውን ለማቃለል የሚወስደው አጭር ትምህርት ነው። አገር ቤት ማሰልጠኛዎች «አደጋን ተከላክሎ ማሽከርከር» ይሉታል። እዚህ ያለው ሐበሻ ግን «ክላስ መውሰድ» ብሎ ያሳጥረዋል። «ቲኬት ሰጠኝ፣ ክላስ ወስጄ አስጠፋሁት» የሚባለው ይኸው ነው። አሠራሩ በየስቴቱ ይለያያል። ይህ ዳሰሳ በአመዛኙ የቴክሳስን ያያል፤ ዳላስ፣ ጋርላንድ፣ ሂዩስተን ወገን የሞላባቸው ከተሞች ናቸው፣ ሕጉም ከብዙዎቹ ስቴቶች ይልቅ ለሾፌር ያዝናል።

ማን ይፈቀድለታል?

በቴክሳስ መስፈርቱን ላሟላ ሾፌር ዳኛው ክላሱን መከልከል አይችልም። ሌላ ቦታ የዳኛ በጎ ፈቃድ የሆነው ነገር እዚህ መብት ነው። የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። መደበኛ የቴክሳስ መንጃ ፈቃድና የጸና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ከጥፋቱ ቀን በፊት በነበሩት 12 ወራት ለሌላ ቲኬት ክላስ የወሰደ ሰው ግን ይህ መብት የለውም። በሥራ ላይ ላሉ ወታደሮችና ለቤተሰባቸው የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ይላላል።

የማይካተቱ ጥፋቶች አሉ። ከተፈቀደው ፍጥነት በ25 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ በሰዓት 95 ማይልና ከዚያ በላይ የነዳ፣ ሠራተኞች ባሉበት የመንገድ ግንባታ ዞን የተያዘ፣ ለተማሪ አውቶቡስ ያልቆመ፣ ገጭቶ ያመለጠ ክላስ አያድነውም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቀኑ ላይ ነው። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው የቀጠሮ ቀን ከማለፉ በፊት ፍርድ ቤቱን ማሳወቅ ግድ ነው። በአካል ወይም በጠበቃ መቅረብ፣ አለዚያም በሰርቲፋይድ ሜይል መላክ ይቻላል። ዛሬ ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች በኦንላይንም ይቀበላሉ። ሾፌሩ «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አልከራከርም» ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛው ኖ ኮንቴስት የሚባለው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚመርጠውም እሱን ነው። ከዚያ የፍርድ ቤት ወጪና እስከ 10 ዶላር የሚደርስ የአስተዳደር ክፍያ ይከፍላል። ቅጣቱ ራሱ ይቀርለታል። ቀድሞ ክላሱን ጨርሶ ሰርተፊኬት ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ፍርድ ቤቱ ሳይፈቅድ የተወሰደ ክላስ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ከተገኘ 90 ቀን አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገር ይቀርባል፦ የክላሱ ሰርተፊኬት፣ ከዲፒኤስ (የስቴቱ የሕዝብ ደህንነት መምሪያ) የሚወጣው «ታይፕ 3ኤ» የተባለው የመንጃ ታሪክ፣ እና በዓመቱ ውስጥ ሌላ ክላስ አለመውሰዱን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ቃለ መሐላ። ሰዎች ሰርተፊኬቱን ልከው 3ኤውን ይረሱታል። 90 ቀኑ ካለፈ ፍርድ ቤቱ ጠርቶ ምክንያት ይጠይቃል። በቂ ምክንያት ከሌለ ጥፋተኝነቱ ይመዘገባል፣ ቅጣቱም ይመጣል።

አንድ ክላስ የሚሰርዘው አንድ ክስ ብቻ ነው። ፖሊስ አንዴ አስቁሞት ለፍጥነትም ለስቶፕ ሳይንም የተከሰሰ ሰው አንዱን መርጦ ያስጠፋል፤ ሌላውን በሌላ መንገድ ይጨርሳል። ያ መንገድ ብዙ ጊዜ ዲፈርድ ዲስፖዚሽን ነው። ሾፌሩ እስከ 180 ቀን ባለው ገደብ ሌላ ጥፋት ካላጠፋ ክሱ ይዘጋል። ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ ግን እዚያም ውስጥ ክላስ መውሰድ አይቀርለትም።

«ነጥብ ይያዝብኛል» የሚለው ስጋት ቴክሳስ ውስጥ አሁንም ይሰማል። በነጥብ እያሰላ በየዓመቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍል የነበረው ፕሮግራም ግን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የሚያሳስበው መዝገብ ላይ የሚቀረው ጥፋትና እሱን የሚያየው ኢንሹራንስ ነው።

ኦንላይኑ እንዴት ይሄዳል?

ትምህርቱ እረፍትን ጨምሮ 6 ሰዓት ነው። ዝቅተኛው ዋጋ በሕግ 25 ዶላር ስለሆነ አብዛኞቹ አቅራቢዎች እዚያው አካባቢ ናቸው። ቁጥጥሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ከስቴቱ የትምህርት ኤጀንሲ ወደ ቲዲኤልአር (የስቴቱ የፈቃድና ቁጥጥር መምሪያ) ተዛውሯል። ከመክፈል በፊት አቅራቢው በቲዲኤልአር የተፈቀደለት መሆኑን ማየት ነው።

ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ስልክ ላይ መውሰድ ይቻላል፤ ከፋፍሎ መጨረስም ይፈቀዳል። ገጽ መዝለል ግን አይፈቀድም። እያንዳንዱ ገጽ ሰዓት ቆጣሪ አለው። ፈጣን አንባቢ አንብቦ ጨርሶም ቆጣሪው ዜሮ እስኪገባ ይጠብቃል። ይዘቱ የታወቀ ነው፦ ከፊት መኪና ቢያንስ የሦስት ሴኮንድ ርቀት መጠበቅ፣ የቆመ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ ሲታይ መስመር መቀየር፣ ካልተቻለ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል መቀነስ፣ እየነዱ ቴክስት አለመጻፍ። እየነዱ ቴክስት መጻፍ በስቴት ደረጃ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ሚኒባስ እየተከላከለ የነዳ ሰው ግማሹን ቀድሞ ያውቀዋል ብሎ መከራከር ይቻላል።

መሃል መሃል ላይ ተማሪው ራሱ መሆኑን የሚያጣሩ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ሐበሻ የሚደናቀፈው እዚህ ነው። «የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም» ተብሎ ይጠየቃል፤ እኛ ዘንድ ግን እናት በጋብቻ ስም አትቀይርም። አንዱ የእናቱን አባት ስም ይሞላል፣ ሌላው የእናቱን ስም። ችግሩ በኋላ ሲጠየቅ የቱን እንደሞላ አለማስታወሱ ነው። የራስ ስምም ያስቸግራል። መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም መሃል፣ የአያት ስም መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ሰርተፊኬቱ ላይ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወይም የላቲኑ አጻጻፍ አንድ ፊደል ካነሰ ከፍርድ ቤቱ ፋይል ጋር አይገጥምም። መንጃ ፈቃዱን ፊት አስቀምጦ እያዩ መሙላት ይሻላል።

ሲዲኤል ያላቸው

ትራክ ነጂው ወገናችን ብዙ ስለሆነ ይህ ለብቻው ይታይ። የንግድ መንጃ ፈቃድ ወይም ሲዲኤል ያለው ሰው በክላስ ቲኬት ማሰረዝ አይችልም። የቴክሳስ ጭካኔ አይደለም፤ የፌደራል ሕግ ስቴቶች የሲዲኤል ባለቤቶችን የትራፊክ ጥፋት ከመዝገብ እንዳይደብቁ ይከለክላል። ሲያዝ ትራኩን ሳይሆን የራሱን ካምሪ እየነዳ ቢሆንም ያው ነው። ዲፈርድም አይሠራለትም። የቀረው መከራከር ነው፤ ጠበቃ መያዝ የሚያዋጣውም ለእሱ ነው። ኡበርና ሊፍት የሚነዳው ግን መደበኛ መንጃ ፈቃድ ስላለው እንደ ማንም ሰው ክላስ ይወስዳል።

አመጣጡ

ሃሮልድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1952 በመሠረተው ድርጅት ለድርጅት ሾፌሮች አምስት ደንቦችን ማስተማር ጀመረ፤ ርቆ ማየት፣ ዓይንን ማንቀሳቀስ፣ መውጫ ማስቀረት ከነዚያ ናቸው። ናሽናል ሴፍቲ ካውንስል የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ድርጅት በ1964 የራሱን የዲፌንሲቭ ድራይቪንግ ኮርስ አወጣ። ክላስ ክፍል ውስጥ ቅዳሜን የሚበላ ነገር ነበር፤ ኢንተርኔት ሲመጣ ወደ ቤት ገባ።

ትምህርቱ አደጋ ይቀንሳል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። የካሊፎርኒያ ዲኤምቪ (የተሽከርካሪዎች መምሪያ) ተመራማሪዎች ክሳቸው በክላስ የተሰረዘላቸው ሾፌሮች ከተቀጡት ይልቅ ኋላ ብዙ አደጋ እንዳደረሱ ጽፈዋል። ስቴቱም ከጁላይ 2011 ጀምሮ መሰረዙን ትቶ ጥፋቱን ከኢንሹራንስ እይታ መሸፈን ብቻ አድርጎታል። የቴክሳስ ሾፌር ይህን ሰምቶ መብቱን አይተውም፤ መተውም የለበትም።

ሌሎች ስቴቶች

ካሊፎርኒያ ቅጣቱም ይከፈላል፣ ክላሱም ይወሰዳል፤ በ18 ወር አንዴ ነው። ቨርጂኒያ ክሊኒክ የሚባለውን የ8 ሰዓት ክላስ ለወሰደ 5 መልካም ነጥብ ትሰጣለች። እዚያ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ከ85 ማይል በላይ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል አልፎ መንዳት እስከ 12 ወር እስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ጆርጂያ በ5 ዓመት አንዴ እስከ 7 ነጥብ ትቀንሳለች። ሲያትል ያለው ሐበሻ በ7 ዓመት አንዴ ክሱን እንደ ቴክሳሱ ዲፈርድ ማስዘግየት ይችላል። ኒውዮርክ ቲኬቱን አትሰርዝም፤ እስከ 4 ነጥብ ግን ትቀንሳለች፣ ኢንሹራንሱም ለ3 ዓመት 10 በመቶ እንዲቀንስ በሕግ ታስገድዳለች።

ቴክሳስ ግን የኢንሹራንስ ቅናሹ በኩባንያው ፈቃድ ነው። ከክላሱ ሰርተፊኬት ጋር ለፍርድ ቤት አንድ፣ ለኢንሹራንስ አንድ ቅጂ ይመጣል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለኤጀንቱ ልኮ ቅናሽ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።