ጥቁር ቢራ ሁሉ ጠንካራ አይደለም

«ቢራው ከጠቆረ ከባድ ነው» የሚለው ነገር ደጋግሞ እየተነሳ ስለሆነ እስቲ አንዴ በደንብ እንየው። የቢራ ቀለምና የአልኮል መጠኑ ምንጫቸው ይለያያል።

ቀለሙ የሚመጣው ከብቅሉ አቆላል ነው። በጣም የተቆላ ብቅል ትንሽ ጣል ቢደረግበት እንኳ ቢራውን ያጠቁረዋል። አልኮሉ ግን ከስኳር ነው። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ስኳር ይወጣዋል፤ እርሾው ያንን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስለዚህ ጠንካራ ቢራ የሚፈልግ ጠማቂ ለዚያው ውሃ ብዙ ብቅል ይጨምራል።

ለምሳሌ ከበርሜል የሚቀዳው ጊነስ ጥቁር ነው፤ አልኮሉ ግን 4.2 በመቶ ገደማ ነው። የቤልጂየሙ ዱቬል ወርቃማ ሆኖ 8.5 በመቶ አለው። ቀለሙን ብቻ አይቶ የሚጠጣ ሰው በዱቬል ጉድ ይሆናል።

ባርሊዋይንም እዚሁ ላይ ያደናግራል። ስሙ «የገብስ ወይን» ማለት ቢሆንም ወይን አይደለም፤ ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ፣ መነሻው እንግሊዝ የሆነ ኤል የሚባል የቢራ ዓይነት ነው። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው፤ ቀለሙ ግን ከወርቃማ ቀይ እስከ ቡናማ ይደርሳል እንጂ እንደ ስታውት (እንደ ጊነስ ያለው ጥቁር ቢራ) አይጠቁርም። የእንግሊዙ ወደ ካራሜልና የደረቀ ፍራፍሬ ጣዕም ያዘነብላል። የአሜሪካው ሆፕ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) ስለሚበዛበት ይመራል።

እስከዚህ ድረስ አያከራክርም። ኦልድ ኤል የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ጠንካራ ቢራ የት አልቆ ባርሊዋይን የት ይጀምራል የሚለው ግን እንደ ጠማቂው ይለያያል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ከስሙ ይልቅ የአልኮሉን በመቶ አንብቡ።